ወርቁን አውጪ

ደባል ማለት ዘመድ ሳይሆን አንድ ጣሪያ ሥር አብሮ የሚኖር ሰው ነው። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለስድስት ሴቶች አንድ ክፍል ሲደርሰን ልጆቹ እርስ በርሳቸው በሳቅ «ደባሌ» ይባባላሉ። እኔ መሳቅ አቅቶኝ ነበር። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ያልተናገርኩትን እዚህ በጥንቃቄ ልጻፈው።

የምንኖረው ቦሌ ሚካኤል አጠገብ፣ ትርፍ ቤት ተብሎ በተወረሰ ቪላ ውስጥ ነበር። ቀበሌው ሳሎኑን በስስ ጣውላ፣ በኮምፔንሳቶ፣ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለእኛ፣ ግማሹን ከወሎ ለመጡ ባልና ሚስት ሰጠ። የመግቢያው በር አንድ ነው፤ ሽንት ቤቱም አንድ ነው። ባልየው የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሚስታቸውን ደግሞ እትዬ። እናቴ ጎረቤቶቻችን ትላቸዋለች እንጂ ደባል የሚለው ቃል እኛ ቤት አይነገርም ነበር። በሰው ቤት የተለጠፈ እንደማለት ስለሚቆጠር ስድብ ነው። ይህን እያወቅሁ ቃሉን ግጥም ውስጥ ጻፍኩት፤ ይህን ጥፋቴን አልክድም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው።

አልጋዬ ኮምፔንሳቶውን ተደግፎ የቆመ ነበር። ሳስነጥስ እትዬ ከወዲያ «ይማርሽ» ይሉኛል። የወር አበባዬ መጀመሪያ የመጣ ቀን ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ እናቴ ሥራ ላይ ናት። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ትንሽ ቆይቶ በኮምፔንሳቶው ሥር ባለው ክፍተት ታጥቦ የታጠፈ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ሾልኮ መጣ። እትዬ አንድም ነገር አልጠየቁኝም፤ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ብቻ ኳ ኳ አደረጉ። እኔም ሁለት ጊዜ መለስኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ የሁለታችን ሰላምታ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ጠበበኝ። ልብስ የምቀይርበት ጥግ የለም። ገላዬን የምታጠበው ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ወንዶቹ ቀበሌ ስብሰባ ሲሄዱ ብቻ ነው። ቀና ብዬ ስራመድ እናቴ ጎንበስ በይ ትለኛለች። የሰፈሩ ሰው ከፊቴ በፊት ቁመናዬን አይቶ «አደግሽ» ይለኛል፤ ሲከስ እንጂ ሲያደንቅ አይመስልም። ሰውነቴ ሳልጠራው መጥቶ አብሮኝ የሰፈረ እንግዳ ሆነብኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

ሳያንኳኳ በሩን፣ ደባል ገባ ቤቴ፤
ቦታ ጠበበብኝ፣ እያየች እናቴ፤
ውጣልኝ እንዳልል፣ ከኔ ጋራ ያድራል፤
ስሄድም ከፊቴ፣ ቀድሞኝ በር ይወጣል።

የአማርኛ መምህራችን አንብበው «ቤቱ ይመታል» አሉኝ። በዚያ ሁሉ ጥበት አንድ የራሴ ቤት ያገኘሁ መሰለኝ። የቀበሌው ኪነት ኃላፊ የወጣቶች ግጥም እየሰበሰበ ነው ሲባል ደብተሬን እንዳለ ሰጠሁት። ሰው ማስደሰት እወድ ነበር።

እሑድ በቀበሌው አዳራሽ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ይህን ግጥም አነበበው። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ሲደርስ ሁሉም ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ከሁላችንም በፊት፣ ያንን አንድ በር ከፍተው ወደ መኪናቸው እንደሚሄዱ ሰፈሩ ያውቃል።

አንዱ ከኋላ፣ «ጋሼ፣ ነገ ደግሞ ቀድመው ሲወጡ ዜማ ይወጣልዎታል» አለ።

አዳራሹ ሳቀ። ጋሼ ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ። እትዬ ተከተሏቸው፤ ባጠገቤ ሲያልፉ ዞር ብለው አላዩኝም።

በማግስቱ ከሥራ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ግቢያችን ውስጥ ተቀመጡ። አባቴና ጋሼ ግራና ቀኝ ነበሩ፤ እኔ መሀል ቆምኩ። እናቴና እትዬ በሩ ላይ ቀሩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ግጥም ያለ ምክንያት አይጻፍም አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰሙን ሰምተነዋል። ወርቁን አውጪ።»

ወርቁ እዚያው ፊታቸው ቆሞ ነበር። የእናቴን ሰፊ ሹራብ ለብሶ፣ ትከሻውን አጥብቦ። አምስት ወንዶች ፊት ይህን በምን ቃል ልናገር? አባቴ እየጠበቀ ነው። ሁሉም እየጠበቀ ነው። የሚፈልጉትን ሰጠኋቸው።

«ወርቁ ጋሼ ናቸው» አልኩ። «አጥፍቻለሁ።»

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ጋሼ በቀስታ ተነሺ ልጄ አሉኝ። ሽማግሌዎቹ ምላሴን እንዲሰበስብልኝ መረቁኝ። ባልሠራሁት ጥፋት ይቅርታ ተደረገልኝ፤ ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ደብተሬም አልተመለሰም። የኪነት ኃላፊው «ደባል» የሚለውን አውጥቶ «አድኃሪ» አስገባበትና በከበሮ አዘፈነው። ስንኙ አነከሰ፤ ለእሱ ግን ግድ አልነበረውም። አጨብጭቢ ተባልኩ፣ አጨበጨብኩ።

ይህን ሁሉ መቻል እችል ነበር። ያልቻልኩት ግድግዳው ዝም ማለቱን ነው። አስነጥሳለሁ፤ ይማርሽ የሚል የለም። ሁለት ጊዜ እመታለሁ፤ መልስ የለም። የመጀመሪያዋን ጨርቅ የሰጡኝ ሴት ስለ ባላቸው ክፉ እንደጻፍኩ አምነው እንዲኖሩ አልፈለግሁም። አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ወንዶቹ ስብሰባ እንደሄዱ፣ አፌን ኮምፔንሳቶው ላይ አድርጌ ተናገርኩ።

«እትዬ፣ ደባሉ ጋሼ አይደሉም። ገላዬ ነው።»

አውሮፕላን ባናታችን አለፈና ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። እስኪያልፍ ጠበቅሁ።

«መች አጣሁት» አሉ እትዬ ከወዲያ። «ገና አዳራሹ ውስጥ ሲያነበው ገብቶኛል።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩልኝም?»

«በወንድ ፊት? ምን ብዬ?»

«ለምን ዘጉኝ ታዲያ?»

«ግጥሙ መች አስቀየመኝ። ጉልበታቸውን ይዘሽ ወርቁ እሳቸው ናቸው ያልሽው ነው። ዝም ማለት አቃተሽ?»

ልክ ናቸው። ግን እኔ የዋሸሁት እሳቸው ዝም ባሉበት ምክንያት ነው፤ ሁለታችንንም ያፈነን አንድ እጅ ነው። እንግዲያው ለጋሼ ይንገሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። የሴት ነገር ለወንድ አይነገርም አሉ። ከዚያ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ አደረጉ። ታረቅን ማለታቸው ነው። እጄን አነሳሁ፤ መልሼ አወረድኩት።

ሰኞ ጠዋት መጻሕፍቴን ይዤ ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ ፀሐይ ወጥታለች። ጋሼ ግን አልሄዱም። የሥራ ሰዓታቸው አልፎ፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ያንን አንድ በር ከፍተው ቆመዋል። ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት፤ ከሽምግልናው በኋላ አንድም ቀን ቀድመውኝ አልወጡም።

«ቅደሚ፣ ልጄ» አሉኝ።

እናቴ ከኋላዬ ነበረች፤ ጎንበስ በይ ስትለኝ ስለኖረች ወርቁ ሳይገባት አልቀረም፤ እትዬም ደጃፋቸው ላይ ነበሩ። ሦስታችንም እውነቱን ለእሳቸው ልንነግራቸው የምንችል ሴቶች ነበርን። ጎንበስ ብዬ ቀድሜያቸው ወጣሁ።