ሰዒድ ካሜራ ፊት የማላት ወላሂ

ሰዒድ በደብረ ታቦር ገበያ እህልና ዘይት ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ወላሂ ማለት አይወድም። ከስንት አንድ ጊዜ «ወላሂ፣ ከዚህ በታች አያዋጣኝም» ካለ ግን ክርክሩ እዚያው ያበቃል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ከፍሎ ይሄዳል። ታዲያ ይህን የመሰለ ሰው ምን አቅብጦት ፊልም ሠራ? እኔ እንጃ!

ያሳሳተው ሀብታሙ ነው፤ ያ ሰርግ የሚቀርጸው ጎረምሳ። «ጋሽ ሰዒድ፣ ዘይት የደበቀ ነጋዴ ይሆኑልኛል፣ ለአፍታ ብቻ ነው የሚታዩት» እያለ ደጅ ጠናው። ስሙን እንኳ አልቀየረለትም። ተዋናዮቹ በሌላ ስም ሲጠሩ «አቤት» ማለት እየረሱ ስላስቸገሩት፣ ሁሉም በገዛ ስሙ ይጠራ ብሎ ወሰነ። ሱቁም የራሱ የሰዒድ ሱቅ። ሰዒድም የዋህ ነውና፣ ጭምብል ያጠለቁ ተዋናዮች ሲያንቁት ካሜራው ፊት እንባውን እያፈሰሰ «ወላሂ ዘይት የለኝም!» አለ። ፊልሙ ላይ መጋዘኑ ሲሰበር ዘይቱ እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ተገኘ።

ፊልሙ «ስውሮቹ ዳኞች» ይባላል፤ እሁድ ከሰዓት በኋላ በከተማው አዳራሽ ታየ። አቤት ጉድ! አራት ጎረምሶች ቀን ቀን ባጃጅ ይነዳሉ፣ ሲመሽ ጭምብል አጥልቀው ሌባና ስግብግብ ያሳድዳሉ። ባጃጇ ገሳይ ከተማ አጠገብ ከገደል ተወርውራ አይሱዙ ጣሪያ ላይ ታርፍና ምንም ሳትሆን ጉዞዋን ትቀጥላለች። አንዱ ብቻውን ሃያ ሰው ይዘርራል፤ ጭምብሉ ግን ንቅንቅ አይልም። ሰዉ በሳቅና በፉጨት አዳራሹን አናጋው። ሰዒድን በእግሩ ዘቅዝቀው ሲያንጠለጥሉትማ ጭብጨባው አላባራ አለ። ሰዒድ ከሚስቱ ከዙበይዳ ጎን ተቀምጦ ጆሮው ጋለ። እሷ አላጨበጨበችም፤ አልሳቀችምም።

ፊልሙ ሲያልቅ አስተያየት እንዲሰጡ የኔታ ገብረየሱስ ተጋበዙ። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሀብታሙም በልጅነቱ እሳቸው ዘንድ ፊደል ቆጥሯል። የተማሪን ቅኔ በጉባኤ ፊት ማረም የለመዱ ሰው ስለሆኑ ፊልሙንም እንደዚያው ያዙት። ምሕረት የለም!

«ለመሆኑ ይህች ባጃጅ ናት መልአክ?» አሉ። «ደግሞስ እናንተን ዳኛ ብሎ የሾማችሁ ማነው? ያለ ምስክር ትፈርዳላችሁ፤ የተከሰሰው ሰው መልስ የሚሰጠው መቼ ነው?»

ሀብታሙ አንገቱን ደፋ። ሰዒድ በልቡ «እሰይ! እኚህ ሰው ነጻ ሊያወጡኝ ነው» አለ። የኔታ ግን ቀጠሉ።

«ከዚህ ሁሉ እውነት ሆኖ ያገኘሁት የሰዒድን መሐላ ብቻ ነው። እንዴት አድርጎ ማለ! እኔ ይበል ብያለሁ።»

አዳራሹ በሙሉ፣ ቅኔ ሲሰምር እንደሚባለው፣ «ይበል! ይበል!» ብሎ ተነሣ። የኔታ ማመስገናቸው ነበር። ሰዒድ ግን ጩኸቱ ሳያባራ ዙበይዳን ይዞ ከአዳራሹ ወጣ።

ሰኞ ዕለት ከወረታ ዘይት የሚያመጣው መኪና ቀረ። ረፋዱ ላይ ደንበኛው እማማ ገነት ጀሪካናቸውን ይዘው መጡ፤ ከኋላቸውም ሰው ተሰልፏል።

«የለም እማማ፣ ነገ ይመጣል» አላቸው።

«እስቲ ወላሂ በል» አሉት ፈገግ ብለው።

ሰዒድ ክው አለ። «ወላሂ የለኝም።»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱማ አጨበጨበ። ቆይቶ ግን ሳቁ ቀዘቀዘ።

«ትናንትም እንዲሁ ብለው ነበር፣ ጋሽ ሰዒድ» አለ አንድ ባጃጅ ነጂ።

«መጋዘኑ ይከፈት!» አለ ሌላው ከሰልፉ።

በሩ ላይ ግፊያ ሆነ። ከኋላ አንዱ ድንጋይ አነሣ። ዙበይዳ ጩኸቱን ሰምታ ከቤት እየሮጠች ስትደርስ ሰዒድ ቁልፉን ከመጋዘኑ በር ጋር ያታግላል። የሰደበው ሰው ቢኖር ይሻለው ነበር፤ ሁሉም ግን እጁን ብቻ ያያል።

በሩ ተከፈተ። ጥቂት ጆንያ ጤፍ፣ ባዶ ጀሪካን፣ ሌላ ምንም የለም።

እማማ ገነት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «አፉ በለኝ ልጄ፣ ያ ፊልም ነው ያሳበደን» አሉ። ሌላውም እያጉረመረመ ተበተነ፤ ያ ባለድንጋይም ድንጋዩን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ሰዒድ ጆንያው ላይ ዘጭ አለ። አልሐምዱሊላህ፣ ስሜ ተረፈ! ሳያስበው እንባው ዱብ ዱብ አለ።

ዙበይዳ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆማ ታየው ጀመር።

«ምነው?» አላት።

«ስለ ዘይቱ አይደለም፤ ባዶ መሆኑን በዓይኔ አየሁት» አለች። «ግን ሰዒድ፣ ትናንት ፊልሙ ላይ ስታለቅስ ልቤ አብሮህ ተንሰፍስፎ ነበር። እንዲያ አድርገህ መዋሸት እንደምትችል እስከዛሬ አላውቅም ነበር። አሁን የምታለቅሰውስ የቱን ነው፣ የእውነቱን ወይስ የፊልሙን?»

ሰዒድ አፉን ከፈተ፤ የሚምልበት ግን አጣ።