የቨርና አረንጓዴ እንቁላሎች

ባለቤቴ ቨርና በኬንታኪ ተራሮች መሃል ባለችው ወረዳችን አሥራ አንድ ዓመት የሕፃናት ጠበቃ ነበረች። ሕግ አልተማረችም፤ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ሆና ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። የተበደለ ልጅ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ዳኛው ያለ ክፍያ የሚያገለግል አንድ ሰው ይመድብለታል። ያ ሰው ልጁን ይጎበኛል፣ ቤቱን ያያል፣ ከዚያ ለዳኛው ይጽፋል። ምሎ ስለሚገባ የልጁን ስም ለትዳር ጓደኛው እንኳ አይናገርም። ሲያሠለጥኗት ደጋግመው የነገሯት አንድ ነገር ነው፤ ያየሽውን ጻፊ፣ የገመትሽውን ተዪ።

እኔ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችንን የምግብ ሳጥን ለችግረኞች አደርስ ነበር። እኛ ዘንድ መሐላ ባይኖርም ወግ አለ፤ ሳጥን የተቀበለ ሰው ስሙ አይነሳም። እዚህ ሰው ከሚታማ ቢራብ ይመርጣል። ስለዚህ እራት ላይ የምናወራው ስለ ዶሮና ስለ ዝናብ ነበር።

አንድ ሐሙስ ፓስተራችን ደወለልኝ።

"ኮልድ ፎርክ መንደር ያለች አንዲት እናት ነገ እንግዳ ይመጣባታል። ቤቷ ባዶ ነው።"

የእኛ ዶሮዎች አረንጓዴ እንቁላል ይጥላሉ። ዝርያውን ያመጣችው ቨርና ናት፤ በወረዳው ሌላ ሰው ጋ የለም። አንድ ደርዘን ሳጥኑ ላይ ጨምሬ ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ ራንዲ የሚባል የሴትዮዋ ወዳጅ ነበር።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ሽማግሌው? እንሽላሊት ነው የጣለው?"

"ዶሮ ነው። ይበላል።"

"ለፋሲካ ከመቀባት ገላገልከን በለኛ!" ብሎ ሳቀ፤ እዚህ በፋሲካ ለልጆች እንቁላል ቀለም ይቀባል።

በማግስቱ የሄደችው እንግዳ ቨርና ነበረች። እዚህ ሳይደውሉ ሰው ቤት መሄድ ነውር ነውና አስቀድማ ደውላ ነበር። ጉዳዩ ጆሊን የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነው። በረሃብና በዱላ ምክንያት ከእናቷ ተወስዳ አምስት ወር ሰው ቤት ቆይታለች፤ ትመለስ አትመለስ የሚለውን የሚወስነው የቨርና ወረቀት ነበር። ቨርና ፍሪጁን ከፈተች፣ አየች፣ ዘጋች። "ቤቱ ንጹሕ ነው። ፍሪጁ ሙሉ ነው" ብላ ጻፈች። ዳኛው ይህንኑ አንብቦ በሳምንቱ ልጅቷን ለእናቷ መለሰ።

አሥር ቀን ሳይሞላ ጆሊን ክንዷ ተሰብሮ ሆስፒታል ገባች። ቨርና ጠይቃት ስትመለስ ካፖርቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ተቀመጠች።

"ዶይል፣ እንቁላሎቼን ለማን ነው የሰጠኸው?"

"እንደማይነገር ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ። ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ነበሩ።"

ወንበር ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

"አይተሻቸው ነበር?"

"የገዛ እንቁላሌ ይጠፋኛል? ሴትዮዋን ላለማዋረድ ነው። ተመጽውታ ያገኘችው ነው ብዬ ብጽፍ ዳኛውና ጠበቆቹ ሁሉ ፊት ይነበባል። ደግሞስ ያየሁት ሙሉ ፍሪጅ አይደል?"

"ልጅቷ ምን አለችሽ?"

በአሥራ አንድ ዓመት መሐላዋን ያፈረሰችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"'እትዬ ቨርና፣ አረንጓዴዎቹን አይተዋቸዋል አይደል? ራንዲ በየቀኑ ይቆጥራቸው ነበር። አንድ በላሁ' አለችኝ።"

ጉዳዩ እንደገና ሲታይ ቨርና ተነሥታ ሁሉንም ተናገረች።

"ወይዘሮ ቨርና፣ ይህን ያኔ ለምን አልጻፉም?" አላት ዳኛው።

"አፍሬ።"

"ስለ ማን?"

ቨርና ተመልሳ ተቀመጠች። ጆሊንን ሌላ ወረዳ ላሉ አሳዳጊዎች ሰጧት፤ የት እንደሆነ ለቨርና አልተነገራትም። ቨርናም ከዚያ ወዲህ ፍርድ ቤት አልተመለሰችም። ዶሮዎቹን አንድ በአንድ አርዳ ጨረሰቻቸው፤ ሥጋቸውን ግን አልቀመሰችም። ሁለት ክረምት ቆይታ ሞተች። በቀብሯ ላይ ፓስተሩ ለጋስነቷን ሲያነሳ እንቁላሎቹንም ጠቀሰ።

እሱ ዛሬም ይደውልልኛል። "እገሊት ነገ እንግዳ ይመጣባታል፤ ቤቷ ባዶ ነው" ይለኛል። እሺ እለዋለሁ። ሳጥኑን ግን የማደርሰው እንግዳው መጥቶ ከሄደ በኋላ ነው። ዶይል ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጨክኗል ይሉኛል። ይበሉ። መጀመሪያ ባዶው ፍሪጅ ይታይ።