መቶ ወረቀትና ሁለት ወረቀት

ሙሚና ዑመር ከሚሴ ባጃጅ ተራው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ከከፈተች አምስት ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት ሰባት ዓመት ሪያድ በሰው ቤት ሠርታለች። አረብኛ ማንበብ የለመደችው የአሠሪዋን ልጅ የቤት ሥራ አብራ እያየች ስለሆነ፣ የዚያ አገር ትምህርት ቤት ከተነሳ አፏ አያርፍም። "እዚያማ ለእያንዳንዱ ልጅ አዲስ መጽሐፍ ነው፣ ያውም በነጻ!" ትላለች። ሰፈሩ "ሙሚና እዚያማ" ብሎ ቢሰይማት ስቃ ተቀበለችው።

አንድ ዓመት፣ ትምህርት እንደተጀመረ፣ ልጇ በምትማርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። የስድስተኛ ክፍል ሳይንስ መጽሐፍ ለአራት ልጅ አንድ ነበር የደረሰው። ሙሚና ብድግ አለች።

"የሳዑዲ መንግሥት ለልጆቹ ያስባል። የኛው ለትምህርት ገንዘብ ማውጣት አይወድም። ሌላ ምክንያት የለውም!"

የልጅ ልጃቸውን የሚያስተምሩት ገበሬ፣ ሼህ ዓብዱ፣ ከኋላ ሆነው "መጽሐፉ ቢመጣ አንቺ ምን ልታባዢ ነው ልጄ?" ሲሏት ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሷም ሳቀች፤ ግን ቆንጠጥ አደረጋት። ከገበያዋ ግማሹ የመጽሐፍ ገጽ ማባዛት ነው።

ስብሰባው እንዳለቀ የሒሳብ መምህርቷ ሰርካለም ሱቅ ድረስ ተከትላት መጣች።

"አትቀየሚኝ፣ ሙሚና። የተናገርሽው ግማሹ ነው ልክ።"

"ወላሂ በዓይኔ ያየሁትን ነው!"

"ያየሽውን አልካድኩም። ነይ ቁጥሩን አብረን እንፈልግ።"

ሰርካለም በስልኳ ስትፈልግ ቆየችና ቀና አለች። "መንግሥት ከሚያወጣው መቶ ብር ስንቱ ለትምህርት ይውላል ብለሽ ካየሽ ሁለቱ አገሮች ብዙም አይራራቁም።"

"ታዲያ የኛው የት ገባ?"

መምህርቷ ከመደርደሪያው አምስት መቶ ወረቀት የያዘ እሽግ አወረደች፤ ከጎኑ አሥር ወረቀት ብቻ ቆጥራ አስቀመጠች። "ለምሳሌ ያህል፣ ትልቁ የነሱ፣ ትንሹ የኛ በጀት ይሁን፤ ከሁለቱም አንድ አምስተኛውን አንሺ።"

ሙሚና ቆጠረች። ከወዲያ መቶ፣ ከወዲህ ሁለት።

"አሁን ለልጅ አካፍይው። የኛ ልጆች ደግሞ ከነሱ ይበዛሉ።"

ሙሚና ሁለቱን ወረቀት አንስታ ገለባበጠቻቸው። "ያ አላህ! ለካ መሰሰት ብቻ አይደለም፣ ማነስም ነው።"

"ያገኘነውንም አንይዝም። አምና የታደሉት መጻሕፍት የት ናቸው?"

ሙሚና ፊቷ ቀላ። የልጇ ያምና መጽሐፍ ሽፋኑ ተገንጥሎ አልጋ ሥር ወድቋል።

በማግስቱ ሱቋ በር ላይ "ያረጀ መማሪያ መጽሐፍ አምጡ፤ በነጻ እጠርዛለሁ" ብላ በአማርኛም በኦሮምኛም ለጠፈች። ቀድመው የመጡት ሼህ ዓብዱ ናቸው።

"አካም ጂርታ ሙሚና? ይኸው። ጥጉን ፍየል በልታዋለች።"

"አብሽሩ፣ አባቴ። የተበላውን ከሌላ ኮፒ አድርጌ እተካዋለሁ።"

ወሬው ተዛመተና መጽሐፉ ከአልጋ ሥር፣ ከጆንያ ውስጥ፣ ከቆጥ ላይ እየወጣ መጣ። ሙሚና ከሰዓት ከሰዓት ወፍራም ክርና ኮላ ይዛ ስትጠርዝ፣ ሰርካለም የጎደለውን ገጽ ታሟላለች። በሦስት ሳምንት ሥልሳ ሦስት መጽሐፍ ተመለሰ፤ ለአራት ልጅ አንድ የነበረው የስድስተኛ ክፍል ሳይንስም ለሁለት አንድ ሆነ። የማባዛት ገበያዋ አንድ ወር ቀዘቀዘ። ኋላ ግን ጥረዛዋን ያዩ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ሰነዳቸውን ይዘው እየመጡ መክፈል ጀመሩ።

ሰኔ ላይ በዓመቱ መዝጊያ ስብሰባ እንድትናገር ተጋበዘች።

"መንግሥት ከዚህም በላይ ያውጣ፣ መጠየቃችንን አንተውም" አለች። "በኛ እጅ ያለውን ግን እኛ እንጠብቅ። ዘንድሮ ሳትመልሱ ለመቅረት ያሰባችሁ፣ ቤታችሁን አውቀዋለሁ።"

አዳራሹ ሳቀ። ሼህ ዓብዱም በጨርቅ የጠቀለሉትን መጽሐፍ ከፍ አድርገው አሳዩ፤ ፍየሏ ዘንድሮ አልደረሰችበትም።