ጋሽ መኮንንን ከሜፕሉ ያወረድኩበት ቀን

ባለፈው ሰኔ፣ እዚህ ኢገን ከተማ፣ ከጎረቤቴ ጓሮ አንድ ትልቅ ዛፍ ሲቆረጥ በኩሽናዬ መስኮት አየሁ። አሽ የሚባለው ዛፍ ነው፤ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ጥንዚዛ ቅርፊቱ ውስጥ እየገባች በየሰፈሩ ታደርቀዋለች። ማንሻ ያለው መኪና በአጥሩ መሃል ማለፍ ስላልቻለ ሠራተኛው በገመድ ነበር የወጣው። ሃያ አምስት ዓመት የሚሞላው አይመስለኝም። ሰው ሲሠራ አፍጥጦ ማየት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ከመስኮቱ አልተነሣሁም። እጁ ቋጠሮውን ወደ ላይ ሲገፋ፣ እግሮቹ ገመዱን ቆንጠጥ አድርገው ሲይዙ፣ ሳላውቀው አብሬው እተነፍስ ነበር። ጉልበቶቼ እምቢ እስኪሉኝ ድረስ አሥራ አምስት ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው። ከዚያ ሁሉ ዓመት ግን በመስኮቱ ቆሜ ያስታወስኩት አንዱን የነሐሴ ጠዋት ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ጋር ከሱዳን ወደዚህ አገር ከመጣን አምስት ዓመት ሆኖናል፤ የምንኖረው ኮሎምቢያ ሃይትስ በምትባል ከተማ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታ ፊት ለፊት ባለ አፓርታማ ውስጥ ነው። እማዬ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ናይት ሺፍት ትሠራለች። እኔ ደግሞ ዛፍ የሚገርዝና የሚቆርጥ ድርጅት ውስጥ የመሬት ሠራተኛ ነበርኩ። የመሬት ሠራተኛ ማለት ከላይ የሚወርደውን ቅርንጫፍ እየጎተተ ለመፍጫው ማሽን የሚያጎርስ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ የሚጮኸው ማሽኑ ነው፤ ማሽኑ ሲያርፍ ደግሞ አለቃው ይቀጥላል። በዚያ መሃል ቀና እያልኩ ሳይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ዛፉ ላይ ባለው ሰው ላይ ማንም አይጮህም፤ ሁሉም ዝም ብሎ ይጠብቀዋል። መውጣት ያማረኝ በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት ባወራ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን የለኝም።

ዛፍ ላይ የሚወጡት ጋሽ መኮንን ነበሩ። አርባ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አገር ቤት የስልክ እንጨት ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ወጣትነታቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። ረቡዕና ዓርብ ሽሮአቸውን በቴርሞስ ይዘው ይመጣሉ። እኔ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ልጅ ስለሆንኩ ወተት ያለበት ቡና ስጠጣ እያዩ ፈገግ ይላሉ እንጂ ምንም አይሉም። እንዲያስተምሩኝ ስለምናቸው ብዙ አላስለመኑኝም። እሁድ እሳቸው ከቅዳሴ፣ እኔ ከአምልኮ ስንወጣ ቡርንስቪል ባለው የድርጅቱ ግቢ እንገናኝ አሉኝ። ከመኪኖቹ ጀርባ አንድ ያረጀ የኦክ ዛፍ ነበር።

መውጣት የሚያስተምሩኝ መስሎኝ ሄድኩ። ሁለት እሁድ ሙሉ ዛፉን ዞሬ እንዳይ ብቻ አደረጉኝ። ሥሩ አጠገብ እንጉዳይ በቅሎ እንደሆነ፣ ግንዱ ተሰንጥቆ እንደሆነ፣ የትኛው ቅርንጫፍ እንደደረቀ። በሦስተኛው እሁድ ጫፉ ላይ ከባድ ከረጢት የታሰረበት ቀጭን ገመድ ሰጡኝና ያንን ወርውሬ በአንድ መንታ ቅርንጫፍ መሃል እንዳሳልፍ አዘዙኝ፤ ወፍራሙ ገመድ የሚሳበው በእሱ ነው። ቀጥሎ በወገብና በጭን የሚታሰረው መታጠቂያ መጣ። ከዚያም ቋጠሮው፦ በእጅ ሲገፋ ወደ ላይ ይንሸራተታል፣ ክብደት ሲያርፍበት ይነክሳል። ጫማ ላይ የሚታሰረውን የብረት እሾህ እንዲቆረጥ ለተፈረደበት ዛፍ ካልሆነ እንዳልነካው ነገሩኝ፤ በሕይወት የሚቆይ ዛፍ ይቆስላል። መጋዝ ከማንሣቴ በፊትም ከገመዱ ሌላ በአጭር ማሰሪያ ከግንዱ ጋር መታሰር እንዳለብኝ እስኪሰለቸኝ ደጋገሙልኝ። አንድ ነገር ግን ገርሞኝ ነበር። የትም ቦታ ሥራ ሲጀምሩ አስቀድመው ሁለተኛ ገመድ በዛፉ ላይ ያንጠለጥላሉ። ያ ገመድ ሳይነካ ውሎ ይጠቀለላል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ራሳቸው መውረድ ባይችሉ ሌላ ሰው የሚደርስባቸው በእሱ እንደሆነ አስረዱኝ።

አለቃችን ዴል ስልሳ የተጠጋ፣ ጉልበቱ ያለቀ፣ ሕግ የሚወድ ሰው ነበር። ሰው ማውረድ የማይችል ዛፍ ላይ አይወጣም ይላል። ፈተናው ይኸው ነው፤ አሮጌ ቱታ ውስጥ አሸዋ ሞልተው የሰው ክብደት ያህል አሻንጉሊት ሠርተዋል፣ ያንን ዛፍ ላይ ሰቅለው አውርዱ ይላሉ። መጀመሪያ ስፈተን ገመዶቹ ተጠላለፉብኝ። ሁለተኛ ጊዜ አሻንጉሊቱ ጋ በፍጥነት ደርሼ ማሰሪያውን መፍታት ጀመርኩ፤ ዴል ከታች አስቆመኝ፤ እኔ ራሴ ከግንዱ ጋር አልታሰርኩም ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ሁሉንም በትክክል ሠራሁና ሰዓቱ አለቀብኝ። ሠራተኞቹ አልሳቁብኝም፤ ቢስቁ ይሻል ነበር።

ከዚያ በኋላ ቁራጭ ገመድ ከቦርሳዬ አልተለየም። አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ ባለው ወንበር ብረት ላይ እቋጥራለሁ፣ እፈታለሁ፣ በጓንትም ያለ ጓንትም። አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። እማዬ ከሥራ ገብታ የወጥ ቤቱ በር እጀታ ላይ የታሰረ ገመድ ስታይ ትዕግሥቷ አለቀ።

“ያን ሁሉ በረሃ ያሻገርኩሽ ዛፍ ላይ እንድትሰቀዪ ነው?” አለችኝ።

ቋጠሮውን ፈትቼ ገመዱን ይዤ እሷ በማታየኝ ቦታ፣ መታጠቢያ ቤት፣ ቀጠልኩ።

በነሐሴ አንድ ቀን ማታ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ መጣ። የማስጠንቀቂያው ሳይረን አለቀሰ፣ መብራት ጠፋ። ሲነጋ የሴንት ፖል መንገዶች በቅርንጫፍ ተዘግተው ነበር፤ አየሩ በጥሬ እንጨት ሽታ ታፍኗል፣ ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ልብስ ያጣብቃል። የተላክነው ከሚሲሲፒ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር አንዲት አሮጊት ቤት ነው። በጓሮአቸው ያለው ትልቅ የሜፕል ዛፍ አንዱ ክንዱ ተሰብሮ በጣሪያው ላይ ተንጠልጥሏል። ጋሽ መኮንን ፍልሰታን ስለሚጾሙ ቁርስ አልቀመሱም። ዛፉን ሁለቴ ዞሩት፣ ሁለተኛውን ገመድ ሰቀሉ፣ ወጡ።

ሦስት ፎቅ ያህል ከፍታ ላይ ሆነው ትናንሽ ቅርንጫፎችን እያነሱ ሳለ ከበላያቸው ሌላ ነገር ጮኸ። ነፋሱ ከውስጥ የሰነጠቀው፣ ከመሬት ማንም ያላየው ቅርንጫፍ ነበር። ቀኝ ክንዳቸውን መቶ ከግንዱና ከሌላ ቅርንጫፍ መሃል ተወተፈ። መጋዙ በማሰሪያው ተንጠልጥሎ ሞተሩ ጠፋ። ዴል መፍጫውን አጠፋው። ከዚያ ወዲያ የሚሰማው ከቅጠሎቹ የሚወርደው ውሃ ብቻ ነበር።

ዴል ሲጠራቸው ግራ እጃቸውን አነሡ። በሕይወት አሉ። ነገር ግን የወደቀው እንጨት አጭሩን ማሰሪያቸውን ከግንዱ ጋር ጨፍልቆ ይዞታል፤ መውረድ አይችሉም። የቤቱ ባለቤት ሮጠው ገብተው ለእሳት አደጋ ደወሉ፤ እየመጡ ነው፣ ግን መንገዱ ሁሉ ዛፍ ወድቆበታል አሏቸው። የኛ ማንሻ መኪና ወደ ጓሮው አይገባም። በመታጠቂያ ሳይንቀሳቀስ የተንጠለጠለ ሰው ደሙ እግሩ ላይ እንደሚቀር፣ ብዙ ከቆየ ልቡ ሊቆም እንደሚችል ሁላችንም ተምረናል። ከዴልና ከኔ ሌላ የነበረው ሠራተኛ ከጀመረ ሳምንቱ ነው። ዴል ጉልበቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

“ሦስት ጊዜ ወድቀሻል” አለኝ።

“አውቃለሁ” አልኩት። “የት የት እንደወደቅኩም አውቃለሁ።”

በእጁ ወደ ሁለተኛው ገመድ አመለከተ።

ትርፉን መታጠቂያ ከነእጅ መጋዙ ታጥቄ ወጣሁ። ቋጠሮውን መግፋት፣ እግሬን ማጠፍ፣ ገመዱን በጫማዬ መቆንጠጥ፣ መቆም፤ እንደገና መግፋት። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ አልጠረግኩትም። ስደርስ የጋሽ መኮንን ፊት አመድ መስሏል። ከመናገራቸው በፊት ማሰሪያዬን በግንዱ ዙሪያ አዞርኩ።

“መጀመሪያ ራስሽን እሰሪ” አሉኝ።

“ታስሬያለሁ።”

“አሳዪኝ።”

ጎተት አድርጌ አሳየኋቸው። ክንዳቸው ተሰብሯል፣ ደም ግን ብዙም አይፈስም። የወደቀው እንጨት ተደላድሎ መቀመጡን፣ እሱን እንዳልነካው፣ መቆረጥ ያለበት የተጨፈለቀው ማሰሪያ መሆኑን በአጭር በአጭሩ ነገሩኝ። ችግሩ ማሰሪያው ከዋናው ገመዳቸው አንድ ስንዝር አይርቅም። የተወጠረ ገመድ ደግሞ ስለት ከነካው እንደ ክር ነው የሚበጠሰው። ጓንቴን አውልቄ በዋናው ገመድ ላይ ጠቀለልኩት፣ በግራ እጄ ከነጓንቱ ጨብጬ ያዝኩት፣ በቀኜ ከጎኔ ትንሿን የእጅ መጋዝ መዘዝኩ። ማሰሪያው በሦስተኛው ጉተታ ተቆረጠ። ጋሽ መኮንን ከግንዱ ተላቀው ተወዛወዙ፣ ጥርሳቸውን ነከሱ፣ ገመዳቸው ያዛቸው።

መውረዱ ዝግ ያለ ነበር። አንዱ እጄ በእሳቸው ቋጠሮ፣ ሌላው በራሴ ቋጠሮ ላይ ሆኖ፣ ጎን ለጎን፣ ትከሻቸውን በትከሻዬ ደግፌ፣ ስንዝር በስንዝር። ዴል እግራቸውን ከታች ሲይዝ እሳት አደጋዎቹ ቃሬዛ ተሸክመው በአጥሩ በር ገቡ። እኔ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ዴል አላመሰገነኝም። ሰኞ ጠዋት ቡርንስቪል ስደርስ አሻንጉሊቱ ኦኩ ላይ ተሰቅሎ ጠበቀኝ። ሕግ ሕግ ነው አለ። ተናደድኩ፤ ንዴቴን ይዤ ወጣሁና አሻንጉሊቱን ከሰዓቱ በፊት አወረድኩት። በማግስቱ መታጠቂያ በስሜ ተሰጠኝ።

እማዬ ወሬውን የሰማችው ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነው። አልጮኸችም። የምስር ወጥና ጎመን ያለ ቅቤ ሠራች፣ በአውቶቡስ አብረን ሆስፒታል ሄድን። ጋሽ መኮንን ክንዳቸው በጀሶ ታስሮ ተቀምጠዋል። ጾማቸውን አስባ ምግብ ማምጣቷን ሲያዩ ዓይናቸው ረጠበ። እሷ ግን የመጣችበት ሌላ ጉዳይ ነበራት።

“እውነቱን ይንገሩኝ፤ ይቺ ልጅ ትችላለች?”

“እትዬ አልማዝ” አሏት፣ “ይኸው ወርጃለሁ።”

ከዚያ ቀን ወዲህ እማዬ ስለ በረሃው አንሥታብኝ አታውቅም። የበረዶው ወቅት ሲመጣ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ገዝታ ከቦርሳዬ ውስጥ ከታ አገኘሁት። የጋሽ መኮንን ክንድ ዳነ፤ እንደ ድሮው ግን ከትከሻቸው በላይ አልነሣ አላቸው። ዛፍ ላይ ዳግመኛ አልወጡም። የጭነት መኪናችንን እየነዱ ጡረታ ወጡ።

ይህንን ታሪክ ብዙ ጊዜ አውርቼዋለሁ፤ ለልጆቼ፣ ለሥራ ጓደኞቼ፣ አንዴም በምስክርነት ጉባኤ ፊት። ሁልጊዜ የምዘልለው ቦታ አለ። መጋዟን መዝዤ ወዲያው አልቆረጥኩም። የሁለቱን ገመዶች ቅርበት ሳይ እጄ ደርቆ ቀረ። የእሳት አደጋ መኪና ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ ይምጡ፣ እነሱ ያድርጉት፣ ብሳሳት የምገድላቸው እኔ ነኝ አልኩ በልቤ። ወደ መሬት አየሁ። ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጋሽ መኮንን ፊቴን አዩና ዓይናቸውን ጨፈኑ። አልተቆጡኝም፣ አላበረታቱኝም። ጨፍነው ጠበቁኝ። የቆረጥኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ባለፈው ወር ቡርንስቪል ሴት ልጃቸው ቤት ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ያን ጊዜ ለምን እንደጨፈኑ ጠየቅኳቸው። ሰባውን አልፈዋል፣ ጆሯቸው ደከም ብሏል፣ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ ደገምኩላቸው።

“ክንዴን አሞኝ ነዋ” አሉ።

አልተከራከርኳቸውም፤ አላመንኳቸውምም። ሰው በፍርሃቱና በሥራው መሃል ሲቆም አይቼ አውቃለሁ፤ የሚመለከተው ዓይን ሲበዛ የባሰ ይደርቃል። እሳቸው ነፍሳቸው በእጄ ላይ ተንጠልጥላ ሳለ ብቻዬን እንድወስን ፈቀዱልኝ። እኔ እሳቸውን ማውረዴን ሰው ሁሉ ያውቃል። እሳቸው ያደረጉልኝን ግን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።