ጣሪያችንን ተሸክመን ለሽልማት የሄድን ዕለት

በደርግ ጊዜ ጅማ ውስጥ፣ በእኛ ቀበሌ፣ ለውሃ የሚሰለፈው ድንጋይ ነበር። እንዲህ ስላቸው የልጅ ልጆቼ ይስቃሉ። ለቀበሌው ሁሉ የነበረችን ቦኖ አንዲት ብቻ ስለነበረች፣ ሴቱ ጎህ ሲቀድ ድንጋዩን በተራ ያስቀምጥና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። የማን ድንጋይ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የኔ ጫፏ የተሸረፈ ጥቁር የወንዝ ድንጋይ ነበረች።

የቦኖዋ ቁልፍ እኔ ጋ ነበር። ቁልፉን የሰጡኝ ስለተማርኩ አይደለም፤ ትምህርቴ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያገኘኋት ነች። የሰጡኝ ድንጋይ የሚያንቀሳቅስ ሰው ስለማልወድ ነው። የገዛ እህቴን ድንጋይ ከፊት አንስቼ መጨረሻ ላይ አስቀምጬባታለሁ። እስከ ፋሲካ አላናገረችኝም፤ ለፋሲካም ያናገረችኝ ቅቤ ስላለቀባት ነው።

ጅማን ዝናብ አይለቃትም። ድንጋይ ዝናብ አይፈራም፣ ተራው ሲደርስ የሚመጣው ሰው ግን ይበሰብሳል። ስለዚህ ሴቶች ደቦ ወጥተን በቦኖዋ ላይ ክብ መጠለያ ሠራን። ግድግዳ የለውም። ዙሪያውን ቋሚ፣ በቋሚዎቹ ላይ የሣር ክዳን፣ ከሥሩ ለአሮጊትና ለእርጉዝ የሚሆን የግንድ መቀመጫ፣ በቃ። ሣሩን ከሸቤ በቡና መኪና ለምነን አስመጣን። ጉልላቱ ላይ የኔን የተሰነጠቀ እንስራ ደፋንበት። "ውሃ መያዝ ካቃተው፣ ውሃ ይመልስ" አልኩ።

ከዚያ ሊቀመንበራችን ስብሰባ ጠራ። ለካ ሕዝቡ በገዛ ጉልበቱ ከሠራቸው ግንባታዎች መካከል ለበለጠው ሽልማት ሊሰጥ ኖሯል። አንደኛ የወጣ ቀበሌ ሁለተኛ ቦኖ ይገባለታል። ከወንዙ ዳር ያሉት የታችኛው ሠፈር ሴቶች ዳገቱን ባዶ እንስራ ይዘው ወጥተው ሙሉውን አዝለው የሚወርዱ ናቸው። ከነሱ አንዷ፣ መንታ ያረገዘችው ጎረቤቴ፣ እጄን ጨብጣ "እትዬ፣ ይህች ቦኖ ካመለጠችን አንቺን ነው የምይዝሽ" አለችኝ።

ሊቀመንበሩ ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ማሳመር ይወድ ነበር እንጂ። ለውድድሩ የመጠለያውን ትንሽ አምሳያ ከካርቶንና ከሣር አሠርቶ፣ በትሪ ላይ አድርጎ አሳየን። እኔ ዞሬ ዞሬ አየሁት።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ ምንድን ነው?"

"በረንዳ ነው፣ እትዬ።"

"እኛ በረንዳ አለን?"

"ወደፊት የሚኖረን ነው።"

"እንግዲያው ወደፊት እናቀርበዋለን። አሁን ይነሳ።"

"እትዬ፣ ይተዉ እንጂ! ዳኞቹ ምን ያውቃሉ?"

"ዳኞቹ ባያውቁ እኛ እናውቃለን። በሌለን በረንዳ ቦኖ ከወሰድን የሌላ ሰው ድንጋይ መግፋት ነው።"

እያጉረመረመ በረንዳውን ገነጠለው። ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ።

በውድድሩ ጠዋት ዝናቡ ያካፋ ነበር። ቦኖዋ ጋ ውሃ እያስቀዳሁ ሳለ ሊቀመንበሩ ትሪውን ይዞ መጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ትሪው ላይ ክዳን የለም፣ ቋሚ የለም። ያለችው በቀይ ቀለም የተቀባችው በረንዳ ብቻ ነች።

ለካ ሰውዬው በረንዳውን ተደብቆ መልሶ ለጥፎት ኖሯል። ማጣበቂያው ሊጥ ነው። ሊጡ እንዲደርቅ ትሪውን ደጅ ሲያስቀምጠው የራሱ ፍየል አገኘችው። ሣሩን በላች፣ ካርቶኑን በላች፣ ሊጡን ላሰች። በረንዳው ቀለም ስላለበት ተጠይፋ ተወችው።

መንታ ያረገዘችው ጎረቤቴ ትሪውን አይታ "ይኸው፣ የሌለን ነገር ብቻ ቀረን" አለች። መሳቅ ጀመርን፤ ከዚያ ቦኖው ትዝ ሲለን ሳቁ ቆመ። ማቅረቢያው እስከ ቀትር ነው። ሌላ አምሳያ መሥራት አይደርስም።

እኔ ቀና ብዬ ክዳናችንን አየሁት። በቡናው አገር ሰው ቤት ሲቀይር ጎረቤት ተሰብስቦ ጣሪያውን እንዳለ ያነሳለታል። በሸቤ መንገድ ጣሪያ ከነጉልላቱ በሰው እግር ሲሄድ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

"እሱን እንውሰደው" አልኩ።

"የቱን?" አለ ሊቀመንበሩ።

"ዋናውን። እሱን ፍየል አትጨርሰውም።"

ባሎቻችንንና የቀበሌውን እግር ኳስ ቡድን ጠራን። ክዳኑን ከቋሚዎቹ ጋር ያሰርንበትን ልጥ ፈታን። "አንድ፣ ሁለት" ብለው ሲያነሱት ግን ከሥሩ ጩኸት ተነሣ። ለካ ወረፋተኛውን ረስተነዋል።

"በዝናብ ጣሪያችንን ይዛችሁ ልትሄዱ?" አሉ ሴቶቹ። እውነታቸውን ነው። ቁልፉም ከኔ ጋር ስለሚሄድ ቦኖዋ እስክመለስ ትዘጋለች። እንዲበሰብሱ ትቻቸው መሄድ ፍርድ አይደለም፤ እነሱን ለመጠበቅ ብሎ መቅረትም ቦኖውን ማጣት ነው። ቆም ብዬ አሰብኩና ፈረድኩ፤ "ሁሉም ድንጋዩን ያንሳ። ወረፋው ከጣሪያው ጋር ይሄዳል። ተራ የሚያበላሽ አይኖርም።"

ሄድን። ተሸካሚዎቹ ዙሪያውን፣ ወረፋተኛው በመሐል፣ እያንዳንዷ ድንጋይዋን እንደ ሕፃን አቅፋ፣ አንዷ ከሌላዋ ኋላ። ከሩቅ ላየው ሰው እንስራ የደፋ ትልቅ የሣር ባርኔጣ በብዙ እግር የሚሄድ ይመስላል። ሊቀመንበሩ ከፊት ከፊት፣ የማያውቀን ሰው መስሎ፣ ትሪዋን በብብቱ ይዞ ይሄዳል።

ጊንጆ ሠፈር ስንደርስ አንድ ካድሬ እጁን ዘርግቶ አስቆመን።

"የማን ሰልፍ ነው ይሄ? መፈክራችሁስ የት አለ?"

ሊቀመንበሩ ዞሮ አየን። ከጣሪያው ሥር መንታ ያረገዘችው "ውሃ!" ብላ ጮኸች። ሊቀመንበሩ ቶሎ ብሎ "ያሸንፋል!" አለ። ሌሎቹም ተቀበሉ። ካድሬው ይህን መፈክር ሳይሰማው ቀርቶ እንደሆነ የፈራ ይመስላል፤ እጁን ዝቅ አድርጎ አሳለፈን።

ያላሰብኩት ነገር ከኋላችን ነበር። የዚያን ጊዜ ሰው ወረፋ ሲያይ መጀመሪያ ይሰለፋል፣ የሚሸጠውን ኋላ ይጠይቃል። ከሱቁ የወጣው፣ ከገበያ የሚመለሰው፣ ከሸቤ አውቶቡስ የወረደው ሁሉ ከኋላ ተቀጠለ። አንድ ገበሬ "ሹካራ ጅራ?" ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁ፤ ስኳር አለ ወይ ማለቱ ነው። ከፊቱ ያለው ሰውዬ "ከፊት ያሉት ሳያውቁ አይሰለፉም" አለው። በቃ፣ ስኳር ሆንን። አዳራሹ ጋ ስንደርስ የወረፋው ጭራ አይታይም ነበር።

ጣሪያው በአዳራሹ በር አይገባም፤ ዳኞቹ ወጡ። የዳኞቹ አለቃ መነጽር ያደረጉ መሐንዲስ ናቸው። ካፊያውን ሸሽተው ከሥሩ ገቡ፣ ቀና ብለው ማገሩን አዩ፣ እጃቸውን ዘርግተው የሚንጠባጠብ እንዳለ ሞከሩ። ምንም የለም።

"ግሩም ነው! ማን ነው የሠራው?"

"በደቦ ነው፣ ጌታዬ። እነዚህ ድንጋይ የያዙት ሴቶች ናቸው የሠሩት።"

ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው ወረፋውን አዩ። ዓይናቸው ፈጠጠ። "ለሕዝብ ተሳትፎ ትልቅ ነጥብ አለው። ይህ ሁሉ ሕዝብ ሥራችሁን ደግፎ ነው የመጣው?"

"አዎን፣ ጓድ!" አለ ሊቀመንበሩ። ተነፍቶ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረው።

እኔ ደግሞ ከፊት ለፊቴ አንድ ሰው አየሁ። ከወንዙ ማዶ ካለው ቀበሌ የመጡ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ አናጢ፣ በሰፌድ ላይ የድልድይ አምሳያ ይዘው ብቻቸውን ቆመዋል። ከኋላቸው ማንም የለም። ያን ድልድይ አውቀዋለሁ፤ ወፍጮ ቤት ስሄድ የምሻገርበት ነው። ዱሮ ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙን በሩቅ ዞረን ነበር የምናልፈው። አምሳያውን ጠጋ ብዬ አየሁት። የዋናው ድልድይ አንዱ ግንድ ጠማማ ነው። በሰፌዱም ላይ ጠማማውን ሳያቃኑ ሠርተውታል።

ቦኖው እጃችን ገብቷል፤ ዝም ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። ሊቀመንበሩ ፊቴን አይቶ ገባው፤ "እትዬ፣ በእናትዎ!" ብሎ ክንዴን ያዘኝ።

"ጌታዬ፣" አልኩ፣ "ይህ ሕዝብ የመጣው ለስኳር ነው።"

"ለምን?"

"ለስኳር። ስኳር የሚሸጥ መስሎት ነው። ድንጋይ ከያዙት ወዲያ ያለው አንድም ሰው የኛ አይደለም።"

ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ ወደ ኋላ ሄደ። "ስኳር የለም?" "የለም አሉ!" "ታዲያ ጣሪያው ምን ሊሆን ነው?" ገበሬው በኦሮምኛ ረገመንና ሄደ። በአንድ አፍታ ሜዳው ላይ እኛና ድንጋዮቻችን ቀረን። ያን ጊዜ አላበቃሁም፤ ጣቴን ወደ ሽማግሌው ቀሰርኩ። "ያ ድልድይ ደግሞ ሁለት ቀበሌ ያሻግራል። የኛ ክዳን የሚጠቅመው እኛኑ ነው። እውነቱ ይሄ ነው።"

ሽማግሌው ደንግጠው "ወላሂ፣ እኔ አልላክኋትም!" አሉ ለዳኞቹ።

ድልድዩ አንደኛ ወጣ። እኛ ሁለተኛ ወጣን፤ ሽልማታችን የግድግዳ ሰዓት ሆነ። ግድግዳ ለሌለው ቤት።

የመልሱ መንገድ ዳገት ነው። ሊቀመንበሩ ሰዓቱን በአንድ ብብቱ፣ በረንዳውን በሌላው ይዞ ይሄዳል። መንታ ያረገዘችው ጎረቤቴ መጨረሻ ላይ "አንቺና እውነትሽ ተጋቡ!" አለችኝ። ክዳኑን መልሰን ቋሚዎቹ ላይ ሰቀልን፣ ቁልፉን አወጣሁ፣ ድንጋዮቹ በነበሩበት ተራ ተቀመጡ። አንዷም አልተዛነፈችም። ለዚያ እንኳ አመሰግናለሁ ያለኝ የለም።

ክረምቱ ሳይወጣ ቦኖው ወንዝ ማዶ ገባ፣ ከድልድዩ ጫፍ ላይ። ውሃው በተለቀቀ ጠዋት እንስራዬን አዝዬ፣ ድንጋዬን ይዤ ተሻገርኩ። አንዲት ወፍራም ሴት ወገቧን ይዛ "እናንተ የራሳችሁ የላችሁም እንዴ?" አለችኝ። ሽማግሌው አናጢ ከበራቸው ሆነው ሰሟት። "ተያት፣" አሉ፣ "ድልድዩ ባንድ በኩል ብቻ አይደለም የሚያሻግረው።"

ድንጋዬን ከሁሉም መጨረሻ አስቀመጥኳት። ወዲያው ከፊቴ የነበረች አንዲት ነጭ ድንጋይ ሦስት ድንጋይ አልፋ ወደፊት ስትሄድ አየሁ።

"የማን ነች ይህች ነጯ?" አልኩ ጮክ ብዬ። "ከቅድሙ ቦታዋ ማን አነሳት?"

ወፍራሟ ሴት ወደ ሰማይ አየች። እኔ ነጯን ድንጋይ አንስቼ ወደ ቦታዋ መለስኳት። ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። ስዞር መንታ ያረገዘችው ጎረቤቴ ሆዷን ይዛ፣ እየሳቀች ድልድዩን ስትሻገር ነው። ከሷ ኋላ የታችኛው ሠፈር ሴቶች በሙሉ እንስራቸውን አዝለው፣ ድንጋያቸውን አቅፈው በተራ ይመጣሉ። ዳገት የለ፣ ምን የለ፣ ሜዳ ለሜዳ።

"አንቺ ሴትዮ፣" አለችኝ፣ "እዚህም ጀመርሽ?"

"ድንጋይሽን ከኔ ኋላ አስቀምጪ" አልኳት።