የአብዲን ልብስ ያወለቀችው ቦሊቪያዊት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ነው። እኔ ነገር ቶሎ ነው የምረሳው፤ የተሰደብኩትንም የተመረቅኩትንም። ይሄኛውን ግን የእህቴ ልጅ አብዲ ከፊቴ እየሮጠ እንዴት ልርሳው?

እህቴ ሮቤ ከተማ ሥራ ስታገኝ ልጇን ደሎ መና እናታችን ዘንድ ትታው ነበር። ቤት ተከራይታ ስትረጋጋ «አምጪልኝ» አለችኝ። መና ሙቀት ነው። የስምንት ወሩን ልጅ ስስ ልብስ አልብሼ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። መንገዳችን የሚያልፍበትን የሳነቴን ተራራ ብርድ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ መኪና ውስጥ ነን፣ ምን እንሆናለን ብዬ ነው።

አጠገቤ ሁለት ሹሩባ የተሠራች፣ አጠር ያለች ጠይም ሴት ተቀምጣለች። ከኋላችን ያሉት አዛውንት ኦቦ ሁሴን በኦሮምኛ ሰላም አሏት። ፈገግ ብቻ አለች። በአማርኛ ሞከሩ። ደረቷን ነካ አድርጋ «ቦሊቪያ» አለች።

«ቦሌ ቡልቡላ?» አሉ። «የወንድሜ ልጅ እኮ እዚያ ነው ያለችው!»

ሚኒባሱ በሳቅ ሞላ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጠየቅኳትና ስሟ ሮሳ፣ አገሯ ደቡብ አሜሪካ፣ ሥራዋም ስለ ድንች ማጥናት እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ድንች ለማየት ነው ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣችው?» አሉ።

የሀሬናን ጫካ ጨርሰን ሳነቴ አናት ላይ ስንደርስ መኪናው ቆመ። ጉሙ ሰው አያሳይም። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይወርዳል። የእኛ መስኮት መስታወቱ ተሰብሮ በላስቲክ ነበር የተሸፈነው፤ ነፋሱ ገነጠለውና ውሃው እኔና አብዲ ላይ ተደፋ። ሾፌሩ ውጪ ከሞተሩ ጋር ይታገላል። እኔ ያለኝን ሻሽ ሁሉ ልጁ ላይ ደራረብኩ። መጀመሪያ አለቀሰ። ከዚያ ዝም አለ። ተኛልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ሮሳ ጉንጩን ነካች፣ ከንፈሩን አየች፣ እጇን ዘረጋች። «አልሰጥም!» አልኩ። ነጠቀችኝ። ከዚያ ልብሱን ማውለቅ ጀመረች። በዚያ ብርድ!

«ኧረ ልትገድለው ነው! ያዟት!» ብዬ ጮህኩ። ሹሩባዋን ልጎትት እጄን ስሰነዝር ኦቦ ሁሴን ክንዴን ያዙኝ።

«ተይ ኢንተላ ኮ፣ ተይ ልጄ። ልብሱ እኮ እርጥብ ነው። እያት።»

ራቁቱን ሹራቧ ውስጥ አስገብታ ከገላዋ ጋር ለጠፈችው። ከላይ የአገሯን ባለቀለም ጨርቅ ጠመጠመችበት። ኦቦ ሁሴን ካፖርታቸውን አውልቀው ደረቡላት። ጀርባውን እያሸች በማላውቀው ቋንቋ ታንጎራጉርለታለች። እኔ እግሩን ይዣለሁ፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ዱዓ ሁሉ ጠፋኝ። «ያ ረቢ» ብቻ።

ምን ያህል እንደቆየን እንጃ፣ አብዲ አስነጠሰ። ከዚያ ጡት ፈልጎ ሲያጣ በንዴት አለቀሰ።

«አልሃምዱሊላህ! ይጩህ፣ ይጩህ!» አሉ ኦቦ ሁሴን። ሮሳ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች።

መኪናው ከተነሳ በኋላ ነው ያጫወተችን። የተወለደችው እንደ ሳነቴ ከፍ ያለ ሜዳ ላይ ነው። እነሱ ግን እዚያ ላይ ትልቅ ከተማ ሠርተውበታል። ድንቹን ደጅ አስጥተው በውርጭና በፀሐይ ያደርቁታል። ልጅ እንደኛ ያዝላሉ። ባሕር የላቸውም፤ ድሮ ነበራቸው አለች።

ይህን ስተረጉም ኦቦ ሁሴን «በቃ ዘመድ ናት» አሉ።

ጎባ ስንወርድ እንግሊዝኛዬ ድርግም አለ። «ገለቶሚ፣ ገለቶሚ» ብዬ በኦሮምኛ እያመሰገንኳት አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። ስልክ ቁጥሯን እንኳ ሳልቀበላት ሄደች። በዚህ እስካሁን እናደዳለሁ።

ሰሞኑን በእህቴ ስልክ አገሯን ፈልጌ አየሁ። ቡናማ ተራራ፣ ተራራው ላይ የተለጠፉ ቤቶች፣ ገበያ መሃል ልጅ ያዘሉ፣ ከሹሩባቸው በላይ ባርኔጣ የደፉ ሴቶች። አንዷ እናቷ ወይ አክስቷ ብትሆንስ? «አላህ ይስጣችሁ» አልኳቸው ጮክ ብዬ።

«ከስልክ ጋር ታወሪያለሽ? አበድሽ?» አለች እህቴ። ማን እንደሆኑ ስነግራት ስልኩን ተቀብላ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«የትኛዋ ናት?»

«እኔ ምን አውቄ» አልኳት፤ «ሁሉንም አመስግኚ።»