ለትርንጎ አክስት ልሆን ሄጄ

ትናንት ጠዋት የሌለኝ ወንድም ሴት ልጅ ወለደልኝ። ያውም ሰባተኛ ክፍል የደረሰች!

ነገሩ እንዲህ ነው። ትርንጎ የምትባል የገጠር ልጅ ቡሬ እኔ ግቢ ተከራይታ ትማራለች። ቅዳሜና እሁድን ቤተሰቦቿ ዘንድ ታሳልፍና ሰኞ ስንቋን ተሸክማ የሦስት ሰዓት መንገድ በእግሯ ትመጣለች... ታዲያ ሰኞ ሰኞ ማርፈድ ነው። ስም ጠሪያቸው መምህር በመጨረሻ «ወላጅ አምጪ» አላት። ገና ጎህ ሲቀድ በሬን አንኳኳች።

«እትዬ ውዴ፣ አክስቴ ነዎት ብያለሁ።»

«ለማን?»

«ለቲቸር። አባቴ ከሰማ ‹ይብቃሽ፣ ነይ ግቢ› ነው የሚለኝ። ባልም ሳያስብልኝ አልቀረም።»

ምን ልበላት? ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ፊቴን አክስት አስመስዬ ተከተልኳት።

የራሴ ልጅ እመቤትም እዚያው ክፍል ናት። በሷ ግን አንድም ቀን ተጠርቼ አላውቅም። ጎረቤት በተጠራ ቁጥር «የኔ ልጅ እኮ...» እያልኩ አፌን ስከፍት ነው የኖርኩት። ትናንትማ ጭራሽ ሳልቀሰቅሳት ተነስታ ሄዳለች። «ተለወጠች ልጄ!» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ!

ቢሮው ውስጥ አምስት ስድስት ወላጆች አግዳሚ ላይ ተደርድረናል። ስም ጠሪው መነጽር ያደረገ፣ ጨዋ፣ ልጅ እግር መምህር ነው። መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነኝ።

«ትርንጎ ጎበዝ ናት፤ ችግሯ ሰኞ ብቻ ነው» አለኝ።

«እሁድ ሳይመሽ እንድትገባ አደርጋለሁ» አልኩ ኮራ ብዬ።

«እንደርስዎ ያለ ሞዴል ወላጅ ቢኖረንማ!»

ሞዴል ገበሬ ሰምታችኋል፣ ሞዴል ቀበሌ ሰምታችኋል... ከአንድ ለአምስት ስብሰባ ስጠፋ የኖርኩት ሴትዮ ትናንት ሞዴል ወላጅ ሆንኩላችሁ!

«አንዳንዱ ተማሪ እኮ ከገበያ ወላጅ ይዞ ይመጣል» ሲለኝማ አማተብኩ።

«ኧረ ወዲያ! ምን ዓይነት ዘመን መጣ!» ብዬ አግዳሚው ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ «የእመቤት ወላጅ!» ብሎ ተጣራ።

ደነገጥኩ። ልነሳ ስል ከአግዳሚው ጫፍ «አቤት ልጄ፣ እኔ ነኝ» ብላ ሌላ ሴት ተነሳች። ዞር ብዬ ባያት... ዓለሚቱ! በየሳምንቱ ጌሾ የምትሸጥልኝ ዓለሚቱ! ጭራሽ ጠቀስ አድርጋኝ አለፈች። እመቤት የኔ ልጅ መሆኗን በየት ታውቃለች?

እኔስ ምን ብዬ ልናገር? ሞዴል ነኛ!

«እናቴ፣ ሦስት ደብዳቤ ልኬያለሁ» አለ መምህሩ። ሦስት! አንዱንም አላየሁትም። «ልጅዎ ከጎኗ ካለችው ትገለብጣለች ብዬ ወደ ኋላ ወንበር ወሰድኳት። ባሰባት። ባለፈው ‹ሰሌዳውን አንብቢ› ብላት ግን... አይታያትም። ‹እናቴ እንዳትሰማ› ብላ አለቀሰችብኝ።»

የተቀመጥኩበት እሳት ሆነብኝ። ውጤቷ ወረደ ብዬ ዘመኑን ሙሉ ስጮህባት የከረምኩት እኔ ነኛ!

ዓለሚቱ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እውነተኛ እንባ ነው እኮ!

«ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ» አለች። «አጨንቁራ ስታየኝ ‹አትገላምጭኝ› እያልኩ እቆጣታለሁ። ደግሞ የጎረቤታችን ልጅ መነጽር አድርጋ ባይ ‹ይቺን እንግዲህ ማን ያገባታል› አልኩ። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ስለ ዓይኗ ትንፍሽ አላለችም።»

ቃል በቃል የኔው ንግግር! እኔው ቤት፣ እኔው ሳቅኩበት!

«ኧረ ቀልዴን ነው!» ብዬ ጮህኩ።

መምህሩ በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አየኝ።

«እርስዎ የትርንጎ አክስት አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ... የእመቤትም እናት ነኝ።»

«ታዲያ እኒህስ?»

«እኔ እንኳ ጌሾ ሻጭ ነኝ» አለች ዓለሚቱ፣ ሳትሽኮረመም። «ልጅቷ በየሳምንቱ ሁመራ ላለው ልጄ ስልክ ትደውልልኛለች። ለሷም አንድ ቀን እናት ብሆናት ምን አለበት? ሆዷን ሁሉ የምታጫውተኝ እኔን ነው።» ከዚያ ወደኔ ዞረችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አንቺ ነሽ እንዴ ያቺ ተቆጪ?»

አግዳሚው በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቅኩ... እያለቀስኩ ነው ግን።

መምህሩ ሳቁን ለማፈን ሲታገል ቆይቶ «ሁለት የውሸት ወላጅ ቢመጣልኝ አንድ የእውነት ወጣበት፤ ለዛሬ ይበቃል» አለ።

«የትርንጎስ ነገር?» አልኩ እየፈራሁ። አባቷ ይምጣ ቢለኝስ?

«አክስቷ እርስዎ ነዎት። ሰኞ ያረፈደች እንደሆነ እርስዎን ነው የምጠራው።»

ስወጣ እመቤት ከሩቅ፣ የትምህርት ቤቱ አጥር በር ጋ ቆማለች። ዓይኗን አጥብባ ታየኛለች።

«ከዚያ ሆነሽ ፊቴ ይታይሻል?» አልኳት።

«አይታየኝም» አለች። «አረማመድሽ ግን የቁጣ አይደለም።»

እዚያው አቅፌያት ቆየሁ፣ ተማሪው እያየን።

ዛሬ ጠዋት ዓይኗን ልናስመረምር በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ወረድን። ዓለሚቱም «የጀመርኩትን ሳልጨርስማ አልቀርም» ብላ ጌሾዋን ለጎረቤቷ ትታ መጣች። መንገዱን ሙሉ «ወርቃማ ፍሬም ነው የሚያምርባት» እያለች ትከራከረኛለች።

ነርሷ ብቅ ብላ «የእመቤት ወላጅ!» ስትል ዓለሚቱ ቀድማኝ ተነሳች።

ተውኳት... ለሥራው ልምድ ያላት እሷ ናት።